ከውሻው በፊት የሚመዘነው ሰው

ረዳት ውሻ ማለት አካል ጉዳት ወይም ጽኑ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ሊያደርገው የሚቸግረውን የተወሰነ ሥራ እንዲሠራለት ተለይቶ የሠለጠነ ውሻ ሲሆን፣ ማየት ለተሳነው መንገድ የሚመራው፣ መስማት ለተሳነው የበር ደወል የሚያስታውቀው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሰው ደግሞ የወደቀ ዕቃ የሚያነሣው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ስለነዚህ ውሾች ሲነገር በአብዛኛው የሚደነቀው የውሻው ብልኀት ነው፤ ውሻው ከመምጣቱ በፊት ግን ሰውየው ራሱ ለወራት እንደሚመዘን፣ አረማመዱና ድምፁ፣ ቤቱና ሰፈሩ፣ የቤተሰቡ ጠባይ ሳይቀር እንደሚጠና ብዙም አይወራም። ነገሩን በሩቁ ለሚያይ ሰው ይህ ምዘና ይበልጥ የተቸገረውን ለይቶ ለማስቀደም የተዘጋጀ የችሮታ ማጣሪያ ሊመስለው ይችላል። በተግባር ሲታይ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል፤ መሪ ውሻ የሚሰጠው መንገድ ለጠፋበት ሰው ሳይሆን መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ነውና።

ምክንያቱን ለመረዳት ውሻው የሚሠራውንና የማይሠራውን መለየት ያስፈልጋል። መሪ ውሻ የከተማውን ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ አይዞርም፤ የማያውቀውን መሥሪያ ቤት ስም ጠርተው ውሰደኝ ቢሉት አይገባውም፤ የትራፊክ መብራት በርቶ ማለፍ መፈቀዱን ወይም መከልከሉንም ለይቶ አይወስንም። የት እንደቆመ፣ ስንት መንገድ ተሻግሮ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ መታጠፍ እንዳለበት የሚያውቀው፣ የመኪኖቹን ድምፅ አዳምጦ የመሻገሪያውን ጊዜ የሚመርጠው ሰውየው ሲሆን፣ የውሻው ድርሻ በታዘዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ከመሰናክል እያዞረ ማሳለፍ፣ ደረጃና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መቆም ነው። ሰውየው ቀጥል ብሎ አዝዞ ሳለ መኪና ከተፍ ቢል ወይም ፊት ለፊት ጉድጓድ ቢኖር ውሻው ትእዛዙን ትቶ ይቆማል። አሠልጣኞች ይህን አስተውሎ እምቢ ማለት የሚል ትርጉም ባለው ስም የሚጠሩት ሲሆን፣ ከትምህርቱ ሁሉ የሚከብደውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ መታዘዝን በብዙ ድካም የተማረ እንስሳ መቼ መታዘዝ እንደሌለበት ደግሞ መማር አለበትና።

ስለዚህ ማሠልጠኛዎቹ አመልካቹ ውሻ ከመቀበሉ በፊት የአቅጣጫና የእንቅስቃሴ ሥልጠና የሚባለውን እንዲወስድ ይጠይቃሉ። ይህ ሥልጠና ማየት የተሳነው ሰው በነጭ በትር እየታገዘ፣ የፀሐይ ሙቀት በየትኛው ጉንጩ ላይ እንዳረፈ፣ የመኪናው ፍሰት ከየት ወደ የት እንደሚሰማ፣ ከእግሩ ሥር ያለው አስፋልት ይሁን ጠጠር እየለየ ብቻውን መጓዝን የሚማርበት ነው። በትርና ውሻ የሚሰጡት እገዛም አንድ ዓይነት አይደለም። በትር መሰናክሉን ነክቶ ያስታውቃል፤ ውሻ ግን መሰናክሉን ሳያስነካ ያሳልፋል። ከበትር ወደ ውሻ የተዛወሩ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ የሚጋቡትም፣ ቀድሞ በበትራቸው እየነኩ ምልክት ያደርጉት የነበረው ምሰሶና የቆሻሻ ገንዳ ሳይታወቃቸው ስለሚያልፍ፣ የለመዱት መንገድ ባዶ ሜዳ የሆነ ያህል ስለሚሰማቸው ነው። መንገዱን በልቡ ያልያዘ ሰው በዚህ ጊዜ ከነውሻው ይጠፋል።

ይህ ሐሳብ ከሥራው ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በዘመናዊ መልኩ የተደራጀው የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ የተከፈተ ሲሆን፣ ያቋቋመው ጌርሃርድ ሽታሊንግ የተባለ ሐኪም፣ ተገልጋዮቹም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ። በስዊዘርላንድ ጀርመን ሼፐርድ የተባለውን ዝርያ ታራባ የነበረችው አሜሪካዊት ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ በጀርመን ያየችውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1927 ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት በተባለው መጽሔት ጻፈች። ጽሑፉ የተነበበለት አንድ ወጣት፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል ከተማ ይኖር የነበረው ሞሪስ ፍራንክ፣ ውሻ ቢያገኝ ሥራውን ወደ አሜሪካ አምጥቶ ለሌሎችም እንደሚያደርስ ገልጾ ደብዳቤ ላከላት። ደብዳቤው ዛሬ በየዓመቱ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች የሚለየው ቅጽ ስላልነበረው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ፍራንክ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማርና ቤት ለቤት እየዞረ የመድን ዋስትና የሚሸጥ ሰው ነበር፤ የሚሄድበት ብዙ ነበረው፤ የቸገረው በገንዘብ በቀጠረው መሪ ፈቃድና ሰዓት ተወስኖ መኖር ነበር። በኢትዮጵያ የበትር ጫፍ ይዞ የሚመራ ልጅ ያለውን ዓይነ ሥውር ያየ ሰው ይህን ችግር ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ጨዋታ ሲያምረው የአዋቂው ቀን እዚያው ይቆማል። ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ ከሠለጠነ በኋላ፣ ቡዲ ብሎ ከሰየማት ውሻ ጋር ኒውዮርክ ሲደርስ፣ መኪና እንደ ጎርፍ የሚወርድበትን ዌስት ስትሪት የተባለ ሰፊ ጎዳና በጋዜጠኞች ፊት ተሻገረ፤ ለዩስቲስም ተሳካ የሚል የአንድ ቃል ቴሌግራም ላከ። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለቱ ያቋቋሙት ሲይንግ አይ የተባለው ማሠልጠኛ ዛሬም በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ሞሪስታውን በተባለች ከተማ ሥራውን ቀጥሏል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1931 በዎላሲ ከተማ የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ከአራት ውሾች ጋር ሠልጥነው ወጡ።

የዛሬው ምዘና የሚጀምረው በወረቀት ነው። የዓይን ሐኪም የእይታውን መጠን፣ ሌላ ሐኪም አጠቃላይ ጤንነቱን፣ የእንቅስቃሴ አሠልጣኙ ደግሞ ብቻውን የመጓዝ ችሎታውን ይጽፋሉ። እዚህ ላይ አንባቢን የሚያስገርመው፣ ጥቂት የሚያይ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምንም ከማያየው ይልቅ ለውሻው አስቸጋሪ መሆኑ ነው፤ የቀረችው እይታ ውሻውን ቀድሞ እንዲወስን ካደረገችው፣ ማለትም ውሻው ሳይቆም እሱ ከቆመ፣ ውሻው ሳያዞር እሱ ከዞረ፣ ውሻው ሥራው እንደማይፈለግ ይረዳና መሥራቱን ይተዋል። ስለዚህ በሕግ ዓይነ ሥውር የተባለ ሁሉ ለመሪ ውሻ ይሆናል ማለት አይደለም። የመስማት ምርመራም ሊጠየቅ ይችላል፤ የመኪናን አቅጣጫ በጆሮው መለየት ያልቻለ ሰው መንገድ የሚሻገርበት ሌላ ዘዴ መማር ይኖርበታልና።

ቀጥሎ አመልካቹ የት የት እንደሚሄድ ይጠየቃል። ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ እምነት፣ ወደ ዘመድ ቤት የሚሄድባቸው መንገዶች፣ ርቀታቸውና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስባቸው ይመዘገባል፤ የሞሪስታውኑ ማሠልጠኛ ለምሳሌ አመልካቹ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ማይል፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ መራመድ የሚችል እንዲሆን ይፈልጋል። ጥያቄው የሰውየውን ጉልበት ለመፈተን ብቻ የታሰበ አይደለም። መሪ ውሻ ሥራ ካልሠራ የተማረውን ይረሳል፤ ሥራ የለመደ እንስሳ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥም ይሰለቻል፣ ጠባዩም ይበላሻል። በቅርቡ ዓይኑን ያጣና ሐዘኑ ያልወጣለት፣ ገና ከቤት መውጣት ያልጀመረ ሰው ማመልከቻው ለሌላ ጊዜ የሚተላለፈውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት ይህ ጭካኔ መስሎ እንደሚታይ መካድ አይቻልም። ቤተሰብ ውሻው ያወጣዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ መዛኙ ግን ማውጣቱ የውሻው ሥራ እንዳልሆነ ያውቃል።

ከምዘናው ሁሉ ለዓይን የሚገርመው ጁኖ የሚባለው የእግር ጉዞ ነው። በብዙ ማሠልጠኛዎች ጁኖ በእውን የሌለ ውሻ ስም ነው። መሪ ውሻ ሲሠራ ደረቱንና ጀርባውን የሚይዝ የቆዳ መታጠቂያ ያደርጋል፤ ከመታጠቂያው የሚነሣውን ጠንካራ እጀታ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ በግራ እጁ ይይዛል። በጁኖ ጉዞ ጊዜ ግን የመታጠቂያውን ወገን የሚይዘው አሠልጣኙ ራሱ ነው። እንደ ውሻ ከፊት ቀድሞ ይጎትታል፤ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ ድመት እንዳየ ውሻ ወደ ጎን ይሳባል። አመልካቹም ጁኖ ቀጥል፣ ጁኖ ወደ ግራ እያለ ያዛል፤ ሲያጠፋ ይገሥጻል፣ ሲያለማ ያመሰግናል። ሁለት ጐልማሶች አንድ መታጠቂያ በሁለት ጫፍ ይዘው በከተማ መካከል እንዲህ ሲሄዱ ያየ አላፊ አግዳሚ ቢስቅ አይፈረድበትም።

አሠልጣኙ በዚያች አጭር ጉዞ የሚሰበስበው ነገር ግን ብዙ ነው። ሰውየው ሳይጨነቅ የሚራመድበት ፍጥነት ስንት ነው? እጀታው ምን ያህል ሲጎተት ይመቸዋል፣ ምን ያህል ሲሆንስ ሚዛኑን ያጣል? ሲቆሙ ወዲያው ይቆማል ወይስ አንድ እርምጃ አልፎ ውሻውን ይገፋል? ድምፁ ይሰማል ወይ? የድምፅ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በለሆሳስ መናገርን እንደ ጨዋነት የተማሩ ሰዎች በአደባባይ ውሻ ማዘዝ፣ ይልቁንም ውሻ ጮክ ብሎ ማመስገን ያሳፍራቸዋል፤ ውሻው ደግሞ ደመወዙ ምስጋና ነውና ያለ እሱ አይሠራም። እነዚህ ሁሉ የሚመዘገቡት ለማሳለፍና ለመጣል ሳይሆን ለማጣመር ነው። ፈጣኑና ረጅሙ ሰው ከፈጣን ውሻ፣ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ዝግ ብሎ ከሚሄድና ቀስ ብሎ ከሚጎትት ውሻ፣ በሕዝብ በተጨናነቀ ከተማ የሚኖረው ግርግር ከማያስደነግጠው ውሻ ጋር እንዲገናኝ ነው።

መዛኙ ቤት ድረስም ይሄዳል። ውሻው የት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ወይም ድመት መኖሩን፣ ልጆች ካሉ ውሻው መታጠቂያውን አድርጎ ሳለ እንዳይነኩት ሊከለከሉ መቻላቸውን ይጠይቃል። ስለ ውሻው መጸዳጃም ሳያፍር ይጠይቃል፤ ማየት የተሳነው ሰው ውሻውን በማሰሪያ ይዞ በተወሰነ ቦታ እያስወጣ፣ እጁን በውሻው ጀርባ ላይ አድርጎ ጀርባው እንደ ቀስት መጉበጡን ወይም አለመጉበጡን በመዳሰስ ምን እየሆነ እንዳለ ለይቶ፣ ቦታውን በእግሩ ምልክት አድርጎ፣ እጁን በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ ማጽዳት ይማራልና። መጀመሪያ ሲሰሙት የሚከብድ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ተራ ሥራ ይሆናል። ወጪውም አብሮ ይታሰባል። አንድን ውሻ አሳድጎ ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛ ቢሆንም የሚሸፍኑት በአብዛኛው ለጋሾች ሲሆኑ፣ በሞሪስታውን ሰውየው ለመጀመሪያው ውሻ የሚከፍለው 150 ዶላር፣ በእንግሊዝ ደግሞ ለስሙ ያህል 50 ፔንስ መሆኑ ይታወቃል። በሞሪስታውን ክፍያው የተቀመጠው ሰውየው ውሻውን በችሮታ እንደተቀበለ እንዳይቆጥር ነው፤ ይህም ልክ ያለው አስተያየት ነው።

የሰፈሩ ነገርም ቀላል አይደለም። ልቅ ውሾች በሰፈሩ መኖራቸው ይጠየቃል፤ ምክንያቱም አንዴ በሌላ ውሻ የተነከሰ መሪ ውሻ ከዚያ በኋላ ውሻ ባየ ቁጥር እየደነገጠ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የእግረኛ መንገዱን የያዘ የግንባታ አሸዋ፣ ሌሊት በመንጋ የሚዞሩ ውሾች ያሉበትን የአዲስ አበባ ሰፈር የሚያውቅ አንባቢ ለአንድ መሪ ውሻ ከመንገዱ ምን እንደሚጠበቅ ከዚህ መገመት አያቅተውም፤ ምዘናው ሰውንና ውሻን ብቻ ሳይሆን ከተማንም ይመዝናል።

አመልካቹ ሌሎች ሰዎች ውሻውን አናስገባም ሲሉት ምን እንደሚያደርግም ይጠየቃል፤ ይህ ጥያቄ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው ወገን ይነካቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ረዳት ውሻ ከባለቤቱ ጋር ሕዝብ ወደሚገለገልበት ቦታ ሁሉ እንዲገባ ይፈቅዳል። የድርጅቱ ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ መሆኑንና ምን ዓይነት ሥራ እንዲሠራ እንደሠለጠነ። ወረቀት አምጣ ማለት አይፈቀድም፤ በኢንተርኔት የሚሸጡት መታወቂያዎችም በሕጉ ፊት ዋጋ የላቸውም። ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅ ክልክል ሲሆን፣ ውሻ እፈራለሁ ወይም አለርጂ አለብኝ ማለትም በታክሲ ላለመጫን በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ደመ ከልብ የሚል ፈሊጥ ባለው ቋንቋ ያደገ፣ ውሻን ከግቢ በር ውጭ እንጂ ከወንበር ሥር አይቶ የማያውቅ ሰው መኪናው ውስጥ ላብራዶር ሲገባ ቢደነግጥ የሚያስገርም አይደለም። ውሻው ግን እግር ሥር ተኝቶ እንዲጓዝ የሠለጠነ ነው፤ ሕጉም በዚህ ነገር ዋዛ አያውቅም።

ለሌሎቹ ረዳት ውሾች የሚደረገው ምዘና ጥያቄው ይለያያል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ውሻ የማሠልጠኑን ሥራ በካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረችው ቦኒ በርጊን ናት፤ ሐሳቡ የመጣላት በእስያ ሳለች አካል ጉዳተኞች በአህያ ሲታገዙ አይታ ነው። እዚህ የሚመዘነው እጅ ምን ያህል ይደርሳል፣ ምን ምን በቀን ስንት ጊዜ ይወድቃል፣ በሩ ገመድ ቢታሰርለት በውሻ ሊከፈት ይችላል ወይ የሚለው ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያሉት ድምፆች ይዘረዘራሉ። የእንግሊዝ አሠልጣኞች ውሻው ሰውየውን ነክቶ ወደ ደወሉ ወይም ወደሚያለቅሰው ሕፃን እንዲወስደው፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ግን ነክቶ መሬት ላይ እንዲተኛ ያስተምራሉ፤ ወደ እሳቱ መምራት አይገባማ። የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳሩ ሲወርድ የላቡን ናሙና በጨርቅ ይዞ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ውሻው የሚማረው በዚያ ሽታ ነውና። ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ሲሆን የሚመዘነው በዋነኛነት ወላጁ ነው፤ ትእዛዙን የሚሰጠው እሱ ስለሆነ።

በሌላው ወገን ውሻውም ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ሲመዘን ይቆያል። ቡችላው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው በበጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ዘንድ ገብቶ እስከ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ድረስ በአውቶቡስ፣ በገበያና በደረጃ እየተለማመደ ያድጋል፤ ከዚያ ተመልሶ ለወራት ይሠለጥናል። ብዙዎቹ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ጀርመን ሼፐርድ ወይም የእነዚህ ድቅል ናቸው። ርችት ያስደነገጠው፣ ዳሌው የታመመ፣ እርግብ ባየ ቁጥር ሥራውን የሚረሳ ከሥልጠናው ይወጣል፤ ይህም የማይቀር ስለሆነ ማንም እንደ ውርደት አይቆጥረውም። ከምዘናው በኋላ አመልካቹ የሚጠብቀው ረጅም ጊዜም ወረፋ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱ፣ ጉልበቱና ጠባዩ ከእሱ ጋር የሚገጥም ውሻ እስኪገኝ መጠበቅ ነው፤ ቀድሞ ያመለከተ ኋላ ሊያገኝ የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ጥምረቱ በወረቀት ካለቀ በኋላ ሠልጣኙ ብዙ ጊዜ ወደ ማሠልጠኛው ገብቶ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ውሻው በመጀመሪያው ቀን አይሰጠውም፤ ጁኖ እንደገና ይደገማል፣ እጀታው ለቁመቱ ይስተካከላል፣ የመጨረሻው ምርጫም እንደገና ይታያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሠልጣኙ የውሻውን ስም፣ ዝርያ፣ ቀለምና ጾታ ይነግረዋል፤ ሠልጣኙ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ በሩ ተከፍቶ ውሻው ይገባና ማሰሪያው በእጁ ይሰጠዋል። አሠልጣኙ ወጥቶ በሩን ይዘጋል። ውሻው በዚያች ሰዓት የሚያውቀው አሠልጣኙን እንጂ አዲሱን ሰው ስላልሆነ፣ ብዙ ጊዜ የቀረበለትን እጅ ካሸተተ በኋላ ተመልሶ በሩን ያያል።